ተጠርጣሪ

ከሰዓት ጀምሮ ጅማ ዝናብ ነው። ነገ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ፈተና አለብኝ። ሃንድአውቱ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ሐሳቤ ግን ባጃጅ አጣቢው ልጅ ጋ ነው። ካልጻፍኩት ማጥናት አልችልም።

ልጁ ከግቢያችን ማዶ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ባጃጅ ያጥባል። ባለፈው ወር የሰው ስልክ ጠፋና ያዙት። ወሬውን የሰማሁ ቀን ቤት ገብቼ ለእማዬ "ሌባው ተያዘ" አልኳት። ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 በቃሌ እወጣዋለሁ። አፌ ግን ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃላት ይከነክኑኛል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ "የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ" ነበር። በ1996 ሲተካ "የወንጀል ሕግ" ተባለ። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የፊተኛው ሰውየውን ይጠራል፣ የኋለኛው ድርጊቱን። ሥነ ሥርዓቱን የተማርንበት የ1954ቱ ሕግ ግን "የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ" ነው የሚለው። ሰውየው ወንጀለኛ ይሁን አይሁን ገና የሚጣራው በእሱ ሆኖ ሳለ!

ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ እንማራለን፣ ሕጉን በአማርኛ እናነባለን፣ እዚህ ችሎት ስትገባ ደግሞ ሥራው በኦሮምኛ ነው። ልጁ የቀረበ ዕለት ሄጄ ነበር። ዳኛዋ "ሸከማ" ብለው ሲጠሩት ደስ አለኝ። ሸኪ በኦሮምኛ ጥርጣሬ ነው፤ ሸከማ ደግሞ ተጠርጣሪ። እሳቸውን አፋቸው አልቀደማቸውም። መርማሪው ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ 14 ቀን ጠየቀ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ የግድ ሙሉውን ስጡ ግን አይልም። ሰባት ሰጡት። ሁሉ ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ እናቱን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው። ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ፖሊሱ "ይቅመሱት" አላቸው። ክዳኑን ከፈቱ፣ ከሽሮው በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ከውሃውም ተጎነጩ። እያኘኩ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ሕግ ትማሪ የለ? ጥፋተኛ ነው አሉት እንዴ?"

"አይ እትዬ፣ ገና ተጠርጣሪ ነው።"

"እና ልዩነቱ ምንድን ነው ልጄ? ያው ታስሯል።"

መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መምህር ቢጠይቀኝ ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረቡ፣ ዝም የማለት መብቱ፣ ዋስትናው፣ የማስረዳቱ ሸክም የዐቃቤ ሕግ መሆኑ፣ ሁሉም የቆሙት በዚያች ልዩነት ላይ ነው። እሷ ባትኖር እኮ ችሎት ራሱ ምን ይሠራል? ግን የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ ይህን ልነግራቸው አልቻልኩም። "ይፈታል" ማለትም ፈራሁ፤ አላውቅማ። ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ ክዳኑን ገጠምኩላቸው።

ተፈታ። ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ክስ እንኳን አልተመሠረተበትም። ስለዚህ ልጁ "ተከሳሽ" ሆኖ አያውቅም፤ "ጥፋተኛ" ከሚለው ቃል ሁለት እርምጃ ይርቃል። ያን ቀን ማታ ለእማዬ "ሌባው ማለት አልነበረብኝም" አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "እኔም ካንቺ ሰምቼ ለስንቱ ነገርኩ" አለች።

ዛሬ ከላይብረሪ ስመለስ አየሁት። ካፊያው ውስጥ ቆሞ ጎማ ያጥባል። ድሮ ሾፌሮቹ ቁልፉን ባጃጁ ላይ ትተው ማዶ ቡና ይጠጡ ነበር፤ ሲጨርስ ራሱ አስነስቶ ዳር ያስይዘዋል። ዛሬ ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ ቡናው ሄደ። ልጁ አጥቦ ሲጨርስ ባጃጁን ከኋላ በእጁ ገፍቶ ዳር አስያዘው።