ሞሊን በአዲስ አበባ ውሃ ማራባት

ዓሣ ሻጮች ለጀማሪ ቀድመው የሚጠቁሙት ሞሊን ነው። «አይሞትም፣ ደግሞ ይወልዳል» ይላሉ። መውለዱስ እውነት ነው፤ ወንድና ሴት አንድ ገንዳ ውስጥ ካሉ ሰው የሚጨምርላቸው ነገር የለም። አለመሞቱ ግን ውሃው ሲስማማው ብቻ ነው። ሞሊ ማራባት ከጀመርኩ ወዲህ ድካሜ ሁሉ ከዓሣው ይልቅ ውሃው ላይ ነው።

ሞሊ የሜክሲኮና የአካባቢዋ ዓሣ ነው። በወንዝም፣ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ጨዋማ ውሃም ይኖራል። የለመደው ሞቅ ያለና ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን፣ ብዙዎቻችን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ ውሃ እንጠቀማለን። የግድብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይልቅ ማዕድኑ አነስተኛ ነው። የቤታችሁን ውሃ ለማወቅ መሣሪያ ከሌላችሁ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጡና ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከሠራ ውሃችሁ ለሞሊ የተመቸ ነው። የእኔ ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜም ንጹሕ ነው።

ለሞሊ ይህ ጥሩ ዜና አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ ወደፊት ሳትሄድ ባለችበት ሆና ሰውነቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዝ ጀመር፤ ክንፎቿንም አጣብቃለች። ሰው ይህን ሲያይ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞሊ እንዲህ የሚሆነው ውሃው ሲቀዘቅዝበት ወይም ማዕድን ሲያጣ ነው። ቴርሞሜትሩ 26 ዲግሪ ስለሚያሳይ ብርድ አይደለም። የቀረው ማዕድኑ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ዕብነ በረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ነው። ቁርጥራጩን ይጥሉታል፤ ለመንኩና በነጻ ሰጡኝ። ዕብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል። ግራናይት ተቀላቅሎበት እንዳይሆን በእያንዳንዱ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግሁ፤ አረፋ ያወጣውን አስቀረሁ፣ ዝም ያለውን ጣልኩ። ደህና አድርጌ አጥቤ፣ አድቅቄ፣ በመረብ ከረጢት ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) አጠገብ ውሃ በሚፈስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ውጤቱ በአንድ ሌሊት አይታይም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የመለኪያው ወረቀት ከ7 በታች የነበረውን ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) ከ7.5 በላይ ያሳይ ጀመር፤ ሞሊ የሚወደው ከ7.5 እስከ 8.5 ያለውን ነው። ዓሣዋም መወዛወዙን ተወች።

ጨው ይጨመር አይጨመር የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ሞሊ ያለ ጨውም ይኖራል፤ ጨው የካልሲየምን ቦታ አይተካም። እኔ ሲታመሙ ብቻ፣ ለ20 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ በሆነ ልክ፣ በትንሽ በትንሹ አሟሙቼ እጨምራለሁ። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ ለተነነው ምትክ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው የሚተካው ተቀድቶ በወጣው ውሃ ልክ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ሌላው ፈተና ብርድና መብራት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂተር የሌለው ገንዳ ሌሊት ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሞሊ የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ነው። ሂተር ገዛን እንበል፤ መብራቱስ? መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልላለሁ። ከረዘመ በጋዝ ውሃ አሞቅና በሃይላንድ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ገንዳው ላይ አንሳፍፋለሁ። ትልቅ ገንዳ ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም፤ በዚህ ምክንያት 80 ሊትሩን ከ30 ሊትሩ እመርጣለሁ። ከብርዱ የባሰው ግን የአየር መቋረጥ ነው። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። እንደ ሞሊ ውሃ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ደግሞ አሞኒያ ይበልጥ ይመርዛል። ለዚህ ሲባል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ይዣለሁ፤ መብራት እስኪመጣም ምግብ አልሰጥም። አዲስ ገንዳ የሚጀምር ሰው እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ አለበት። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ እቀይራለሁ፤ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ከአንድ ቀን በፊት በባልዲ ቀድቼ በኤር ፓምፕ አናፍሰዋለሁ።

የጎረቤታችን እናት ይህን ሁሉ ሲያዩ «ልጄ፣ እነዚህ መቼ አድገው ነው የሚጠበሱት?» ይሉኛል። ጥቁር ሞሊ አድጎ አድጎ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለአንድ ጉርሻም አይበቃም።

ወደ መውለዱ ልምጣ። ወንዱንና ሴቷን የሚለየው ከሆድ በታች፣ ወደ ጅራት አካባቢ ያለው ክንፍ ነው፤ የሴቷ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ የወንዱ ቀጭንና ሹል ነው። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁን፤ ወንዶች ሲበዙ ሴቶቹን ዕረፍት ነስተው ያሳድዷቸዋል። ሞሊ እንቁላል አትጥልም፤ ጫጩቶቿን በሆዷ ይዛ ከአንድ ወር እስከ 40 ቀን ገደማ ባለው ጊዜ እየዋኙ ትወልዳቸዋለች። የወንዱን ዘር ለወራት አስቀምጣ መጠቀም ስለምትችል ከሱቅ ብቻዋን የተገዛች ሴት ደጋግማ ብትወልድ አይግረማችሁ። ከዚህ የሚብስ ዘመድም አላት። በቴክሳስ ደቡብና በሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ የምትገኘው የአማዞን ሞሊ ዝርያዋ ሴት ብቻ ነው፤ ከሌላ ዝርያ ወንድ ጋር ትገናኛለች፣ ልጆቿ ግን የእሷው ግልባጭ ናቸው። ይህ በ1932 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት እንዲህ የሚራባ ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር።

መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷ አራት ማዕዘን ይመስላል፤ ጥግ ትፈልጋለች፤ ምግብም ትቀንሳለች። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጠባብ የፕላስቲክ መውለጃ ሳጥን ውስጥ ይከቷታል። እኔ አልወደውም። በመጨረሻው ሰዓት የተንገላታች ሞሊ ጫጩቶቿን ያለ ጊዜያቸው፣ አስኳሉ ሆዳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ልትጥላቸው ትችላለች። እዚያው ገንዳ ውስጥ ተንሳፋፊ ተክል ማብዛት ይሻላል። ተክል ባጣሁ ጊዜ አረንጓዴ የናይሎን ክር ቀለም እንደማይለቅ በፈላ ውሃ አረጋግጬ፣ በጥቅል አስሬ አንጠለጥላለሁ።

ጫጩቶቹ ሲወለዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሊወለዱ ይችላሉ። እናትም አባትም ካገኟቸው ይበሏቸዋል። ለጫጩት የትልቆቹን ምግብ በጣት አድቅቄ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በቁንጥር እሰጣለሁ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃ ያበላሻል፣ ስለዚህ የተረፈውን በቀጭን ቱቦ ወዲያው እስባለሁ። ትልቆቹም ጫጩቶቹም አረንጓዴ ነገር ይወዳሉ፤ የተቀቀለ ቆስጣ ሰጥቷቸው ሲናጩት ያየ ሰው ሁለተኛ የሱቅ ምግብ ብቻ አይሰጥም።

ሁሉንም ጫጩት ማትረፍ ግን አያስፈልግም። ጀማሪ ሁሉ እያንዳንዷን ካላዳንኩ ይላል፤ ሁለት ሴቶች በተከታታይ ከወለዱ ገንዳው ሞልቶ ውሃውም ይበከላል። እኔ ለሌላ ገንዳ የምለያቸው ቀለማቸውና ቅርጻቸው ያማሩትን ጥቂቶች ነው፤ የተቀሩት ክሩ ውስጥ ተደብቀው ራሳቸውን ያትርፉ። የለየኋቸውንም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ወንድና ሴት እከፍላለሁ፤ ካልሆነ እኅትና ወንድም ይዋለዳሉ። አልፎ አልፎ ከሌላ አርቢ ወንድ እለዋወጣለሁ።

የተረፉትን ለሚያረባ ሰው እሰጣለሁ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አልጥልም፤ ሞቃት በሆነ ቦታ ሞሊ በቀላሉ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ ይሻማል። ከመስጠቴ በፊት ባለው ቀን አላበላቸውም፤ በመንገድ ላይ ውሃቸውን እንዳያቆሽሹ ነው። ፌስታሉን ሲሶ ውሃ፣ የቀረውን አየር አድርጌ ሌላ ፌስታል እደርብበታለሁ። ተቀባዩም ፌስታሉን ገንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አንሳፍፎ፣ ከገንዳው ውሃ በኩባያ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ያላምዳቸው፤ ውሃው ከእኔ ውሃ የሚለይ ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት ቢወስድም አይቸኩል።