ያንኑ ስፓጌቲ ደጋግሞ ማዘዝ

ሐሙስ ማታ የምበላበት ቦታ ከታወቀ ቆይቷል። ጠረጴዛዎቿ የተቀራረቡ፣ ጠባብ የጣሊያን ምግብ ቤት ነች፤ ጣሊያኖች ትራቶሪያ ከሚሏቸው፣ ረጅም የወይን ዝርዝርም ሆነ የክት ልብስ ከማይጠየቅባቸው ቤቶች ወገን ልትመደብ ትችላለች። ወዳጆቼ ይህ ሁሉ ምግብ ቤት እያለ ለምን አንድ ቦታ እንደምመላለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን ሁልጊዜ በቲማቲም ስጎ የተሠራውን ስፓጌቲ እንደማዝ ይጠይቁኛል። በቃል ስመልስላቸው ነገሩ ቀልድ እየመሰለ ስላስቸገረኝ በዚህ ማስታወሻ ላሰፍረው ወሰንኩ።

ይህ ምግብ ጉድለቱን የሚደብቅበት ቦታ የለውም። ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጥቂት የበሶብላ ቅጠልና ስፓጌቲ ብቻ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ ካረረ ምሬቱ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ይከተላል፤ የመቀቀያው ውኃ ጨው ካነሰውም ከላይ የሚነሰነሰው ጨው አያድነውም። አዲስ ምግብ ያዘዘ ሰው ምግቡን ይቀምሳል። ያንኑ ደጋግሞ የሚያዝ ሰው ግን የምግቡን ጣዕም አስቀድሞ ስለሚያውቀው ውሎ አድሮ የአብሳዩን እጅ መቅመስ ይጀምራል፤ እኔን የሚመልሰኝም ይኸው ነው።

በወጥ ቤቱ ሁለት አብሳዮች ይፈራረቃሉ። ማን እንዳበሰለ ሳልጠይቅ ከሳህኑ መለየት ከጀመርኩ ቆየሁ። በዕድሜ የሚበልጡት አብሳይ ስፓጌቲውን ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ያወጡትና ከስጎው ጋር መጥበሻ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከዚያም ከተቀቀለበት ውኃ በጭልፋ ቀንሰው እያፈሰሱ፣ መጥበሻውን እያወዛወዙ እዚያው ያበስሉታል። ያ ደብዛዛ ውኃ ከፓስታው የወጣ ስታርች፣ ማለትም ውኃን የሚያወፍረው የዱቄቱ ክፍል፣ ስላለበት፣ በራሳቸው ቢተዉ የሚለያዩትን ዘይትና ውኃ አያይዞ ስጎው ፓስታውን እንዲለብሰው ያደርጋል። ወጣቱ አብሳይ በበኩሉ መጀመሪያ ላይ ፓስታውን እስከ መጨረሻው ቀቅሎ ስጎውን ከላይ ስለሚያፈስበት፣ ምግቡ ሲያልቅ ከሳህኑ ሥር ቀይ ውኃ ተጠራቅሞ ይቀር ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገር ግን ያ ውኃ ሳምንት በሳምንት እየቀነሰ ሄዶ አንድ ማታ ከናካቴው ጠፋ። አንድ ሰው ሙያውን ሲጨብጥ ከሳህን ላይ ተመልክቶ ማወቅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሚሰጥ፣ በየሳምንቱ አዲስ ምግብ ቤት ለሚፈልግ ወዳጅ ማስረዳት ይከብዳል።

ደንበኛ መሆን ሌላም ጥቅም አለው፤ እውነቱ ይነገርሃል። አስተናጋጇ አዲስ ለገባ ሰው ሁሉም ምግብ ጥሩ እንደሆነ በፈገግታ ትናገራለች፤ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ጎንበስ ብላ፣ «ዛሬ ዓሣውን ባያዙ ይሻላል» ትለኛለች። በእርግጥ መታወቅ ዕዳም አለው። አንዳንድ ማታ ላዛኛ አምሮኝ ስገባ ገና ሳልቀመጥ «የተለመደው» ተብሎ ወደ ወጥ ቤት ተነግሮ ይጠብቀኛል፤ ያን ጊዜ ዝም ብዬ ስፓጌቲዬን እበላለሁ። ላዛኛው የሚያሳዝነኝ ሲቀር ብቻ ነው እንጂ ይህን ያህል የሚያስቆጭ አይደለም።

ከአጠገቤ በሚገኙት ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር «ትክክለኛው የጣሊያን አሠራር» የሚለው ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ስለተቀራረቡ ባልፈልግም እሰማለሁ። ብዙውን ጊዜ ጠቡ የሚነሳው ካርቦናራ በሚባለው የፓስታ ምግብ ነው። የሮማው አሠራር እንቁላል፣ ከበግ ወተት የሚሠራው ፔኮሪኖ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ከአሳማ ጉንጭ የሚዘጋጀው ጓንቻሌ እንጂ ክሬም የለበትም፤ እዚህ ቤት ግን ክሬም ይጨመርበታል። እኔም ያለ ክሬም የተሠራውን እመርጣለሁ፤ እንቁላሉ በፓስታው ሙቀት ብቻ ሳይረጋ ሲወፍር የሚሰጠውን ጣዕም ክሬም አይተካውምና። ይሁንና ካርቦናራን ከጥንት ሮማውያን የተወረሰ አስመስለው የሚቆጡትን ስሰማ እገረማለሁ፤ ምግቡ በዚህ ስሙ በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቲማቲሙም ቢሆን ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከፓስታ ጋር መጣመሩ በምግብ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። እኔ በየሐሙሱ እንደ ጥንታዊ ነገር የማከብረው ሳህንም እንግዲህ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ከአጥባቂዎቹ ጋር እቆማለሁ። የጣሊያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 የቦሎኛን የሥጋ ስጎ አሠራር በከተማይቱ የንግድ ምክር ቤት አስመዝግቧል፤ በ2023 ደግሞ አሻሽሎታል። ቦሎኛዎች ይህን ስጎ የሚያቀርቡት በእንቁላል በተቦካ ጠፍጣፋ ታልያቴሌ እንጂ በስፓጌቲ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ጣሊያናዊ መሆን አያስፈልግም፤ ቀጭንና ልሙጥ የሆነው ስፓጌቲ የተፈጨውን ሥጋ መሸከም ስለማይችል ፓስታው በሹካ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ሥጋው ከሳህኑ ሥር ይቀራል፤ ሰፊውና ሻካራው ታልያቴሌ ግን ይዞት ይነሳል። ይህ ቤት የሥጋ ስጎውን በስፓጌቲ ያቀርባል። አስተናጋጇን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው» አለችኝ፤ ለምግብ ቤት ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሊኖር እንደማይችል ስለማምን አልተከራከርኩም።

ስለ ፒዛቸው ብዙ የምለው የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በእጅጉ የሚበልጥ ሙቀት ያለው የእንጨት ምድጃ ይፈልጋል፤ ፒዛውም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ በስሎ ይወጣል። የእነርሱ ትንሽ የጋዝ ምድጃ እዚያ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ሊጡ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቶ ይደርቅና ሲቆረስ ይሰበራል። ከኔፕልሱ ጋር ካላወዳደሩት ጥሩ ቂጣ ነው። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭ ደግሞ ቡናው ስለሚበዛበት ብስኩቱ ይሟሟል፤ ስለዚህ አላዝም።

ሰሞኑን በሳህኔ ላይ አንድ ለውጥ አስተዋልኩ። ስፓጌቲው ወትሮ ከሚያብረቀርቀው ቢጫ ይልቅ ፈዘዝ ያለ፣ ዱቄት የነካው የሚመስል ሆኖ መጣ፤ ስጎውም ከወትሮው በበለጠ ተጣብቆበት ነበር። ስጠይቅ በነሐስ ቅርጽ ማውጫ የተሠራ ፓስታ መግዛት እንደጀመሩ ተነገረኝ። በዘመናዊ ፋብሪካዎች የተለመደው ቴፍሎን የለበሰ ማውጫ ልሙጥ ፓስታ ሲያወጣ፣ ነሐሱ ግን ሊጡን እየፋቀ ስለሚያሳልፈው ላዩን ሻካራ ያደርገዋል፤ ስታርቹንም ወደ መቀቀያው ውኃ አብዝቶ ይለቃል። በዕድሜ የሚበልጡት አብሳይ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው ሳህኔን ሲያዩ፣ «እንዴት ነው?» አሉኝ፤ እኔም ጥሩ እንደሆነ፣ ምናልባት ግን የመቀቀያው ውኃ ስለወፈረ ከበፊቱ ቀነስ አድርገው ቢጨምሩ እንደሚሻል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እኔም እሱን ሳስብ ነበር» ብለው ተመለሱ። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ የተለመደው ከመነገሩ በፊት ፈጥኜ ከደረስኩ፣ ይህን ሻካራ ስፓጌቲ በሥጋ ስጎ አዝዤ በታልያቴሌ ላይ የያዝኩት አቋም ይጸና እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።