ጉበት ውስጥ ያገኘነው ልቃቂት

ጀርመን ውስጥ የራዲዮሎጂ ስፔሻላይዜሽን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አባት ለሌላ ሕመም ሲመረመሩ ጉበታቸው ላይ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት ተገኘ። በተለመደው አልትራሳውንድ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ድፍን ያለ፣ ፈሳሽ የማይመስል ነገር ነበር። "ዕጢ ሊሆን ስለሚችል በመርፌ ናሙና ይወሰድ" ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጠሮ ተያዘላቸው።

በቀጠሮው ጠዋት ኃላፊዬ ምስሉን አዩና "መርፌው ይቆይ፤ አስቀድመን በኮንትራስት እንየው" አሉ።

ኮንትራስቱን፣ ወተት የመሰለ 2.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በክንዳቸው ደም ሥር ሰጠናቸው። በውስጡ ያሉት ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ የያዙ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ የሚያንሱ አረፋዎች ናቸው። ከደም ሥር አይወጡም፤ ጋዙም በትንፋሽ ይወገዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚበራው ደም የሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጉበቱ ከዳር እስከ ዳር በራ። እብጠቱ ግን እንደ ጉድጓድ ጠቁሮ ቀረ። አራት ደቂቃ ሙሉ ዓይናችንን ሳንነቅል ጠበቅን፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ አልገባችበትም። ሕይወት ያለው ዕጢ ቢሆን ደም ይገባው ነበር፤ መግል የቋጠረ ቢሆን ግድግዳው ይበራ ነበር።

መጥቆሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የረጋ ደምም ሆነ የሞተ ዕጢ እንዲሁ ይጠቁራል። ኃላፊዬ ወደ ተራው ምስል ተመልሰው በጣታቸው መስመሮቹን ተከተሉ። የተጣጠፉ፣ የተጠማዘዙ ክሮች፤ ቁርጥ የሱፍ ልቃቂት! የሃይዳቲድ ሲስት፣ ማለትም ከውሻ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ሽፋኑ ተሟሽሾ ሲጠቀለል የሚሰጠው መልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምድብ ሲ ኢ 4 ይለዋል፤ የሞተ ሲስት ማለት ነው።

"የት ነው ያደጉት?" ብለው ጠየቁ። የአባትየው ልጅ አስተረጎመች፤ ምሥራቅ ቱርክ፣ በግ ሲጠብቁ፣ ከውሾች ጋር።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጂንካ በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ ከሐመርና ከዳሰነች የሚመጡ ሰዎችን ስለ ከብትና ስለ ውሻ ሳልጠይቅ አልትራሳውንድ አልጀምርም ነበር። ውሻ ትሉ ያለበትን የታረደ እንስሳ ጉበት ወይም ሳንባ ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅና በምግብ ወደ ሰው አፍ ይገባል። ይህን እያወቅኩ እኚህን አባት አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም። ሕያው ሲስት ያለ ዝግጅት ቢወጋ ደግሞ ፈሳሹ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳና ትሉን ሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል።

የደም ምርመራው ኔጌቲቭ ሆነ፤ እንዲህ በሞቱ ሲስቶች ላይ የሚያጋጥም ነው። ቀዶ ጥገናም መድኃኒትም አላስፈለጋቸውም፤ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መከታተል ብቻ።

ልጃቸው ስትወጣ፣ ናሙናውን እየጠበቁ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይናቸው እንዳልዞረ ነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው መስመር "በልጅነታቸው በግ ጠባቂ ነበሩ" ይላል።