አሰላ፣ ከመውቂያው ድምፅ አጠገብ

ዛሬ በአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አጥር አጠገብ ሳልፍ የብረት መቁረጫ ድምፅ ሰማሁና ቆም አልኩ። የዚህ ማዕከል ሥር የሚመዘዘው በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ከተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» ከሚለው ነው። ካዱ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ሲታወስ፣ የእርሻ መሣሪያ ክፍሉን የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የሚልቀው እርሱ ነው።

የአባቴ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም ነበር። በፈርና በፈር መካከል ያልታረሰ ስለሚቀር አቋርጦ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ግድ ነው። የሚገለብጠው የብረት ማረሻ ይህን ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለበሬ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል፣ ሲሰበርም የሰፈሩ አንጥረኛ እንደ ወገል በቀላሉ አይጠግነውም። ሞፈሩን ራሱ የሚጠርብ ገበሬ አዲሱን መሣሪያ ለመቀበል ቢያመነታ የሚወቀስ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን ትራክተር ጭላሎ ገባ፤ ባለመሬቶችም ሰፊ ማሳ በማረስ ትርፉን ሲያዩ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ለትንሹ ገበሬ ተብሎ ሥራ በተጀመረበት አውራጃ ይህ መድረሱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ካዱም አርዱ (የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት) ተባለ፤ ከብዙ ለውጥ በኋላ ማዕከሉ በኦሮሚያ የግብርና ምርምር ሥር ተጠቃለለ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ልቤ የሚቀርበው መውቂያው ነው። በልጅነቴ በአውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳሁ ያበራየሁባቸውን ቀናት አልረሳም፤ ስንዴው ከአፈርና ከፍግ ጋር ይቀላቀላል፣ ሰማዩ ከጠቆረም መላው ቤተሰብ ይጨነቃል። በሞተር የሚሠራው መውቂያ ያንን ጭንቀት ወደ ጥቂት ሰዓት ሥራ አወረደው። ዛሬ በአርሲ ሜዳ ኮምባይነር ያጭዳል፤ ተዳፋቱንና ጠባቧን ማሳ ግን አይደርስባትም፤ እዚያ ያለው ገበሬ አሁንም የዚህን ማዕከል ሥራ ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች በእጃቸው የበየዱት ሰዎች አርጅተዋል፤ የብዙዎቹም ዕውቀት በወረቀት አልሰፈረም። ቅዳሜ ከእነርሱ አንዱን፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ ቤታቸው ሄጄ ላነጋግራቸው ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ደብተሩንም ገዝቻለሁ።