እኔ የቨርጂንያውን ባቡር ወንድሜ የአዲስ አበባውን፣ ሁለቱም በብድር

መንግስት ተበድሮ መንገድና ባቡር ቢሰራ ስራ ይፈጠራል አይፈጠርም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው ኢኮኖሚስት ይሆናል። እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም፣ ግን በብድር በተሰራ ባቡር ላይ ቆሜ ደሞዝ በልቻለሁ፣ ታናሽ ወንድሜም በዛው ዘመን አዲስ አበባ ላይ እንደዛው። ስለዚ እኔም ትንሽ ልበል ብዬ ነው።

አሜሪካ በዲቪ የመጣሁት 2008 ላይ ነው (እዚ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ያኔ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ባንኮቹ ወድቀው ቤት በየሰፈሩ እየተወረሰ፣ በ2009 ኦክቶበር ላይ ስራ አጡ 10 ፐርሰንት ደርሶ ነበር። እኔ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ፣ ሰው ቢሮ መሄድ ሲቀንስ የኛም ሰዓት ተቀነሰ፣ ሪሰፕሽኒስትነት ላመልክት ብል ለአንድ ቦታ ሁለት ዲግሪ ያለው ፈረንጅ ተሰልፏል። ኦባማ በ2009 ፌብሯሪ ላይ የፈረመው 787 ቢሊዮን ዶላር የማነቃቂያ ገንዘብ ነው የቲቪው ወሬ ሁሉ፣ እኛም መንገድ ሊሰራ ነው ስራ በሽ በሽ ሊሆን ነው ብለን ጠበቅን። በኋላ ነው የገባኝ ከዛ ሁሉ ብር ለትራንስፖርት የሄደው 48 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፣ ሲሶው የሚሆነው የታክስ ቅናሽ ነበር። መንገድ ደግሞ ገንዘቡ ስለተለቀቀ ብቻ በማግስቱ አይቆፈርም፣ ዲዛይን አለ፣ ጨረታ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ኦባማ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀልዶበታል።

ለማንኛውም ቤተክርስቲያን የማውቃት ልጅ ነች ቨርጂንያ ውስጥ ታይሰንስ አካባቢ ፍላገር እየፈለጉ ነው ያለችኝ። ፍላገር ማለት መንገድ ላይ ቆሞ በአንድ ጎኑ ቁም በሌላ ጎኑ ቀስ በል የሚል ምልክት እያዞረ መኪና የሚያሳልፈው ሰውዬ ነው። ወደ ደለስ ኤርፖርት የሚሄደው የሜትሮ ባቡር፣ ሲልቨር ላይን የሚባለው፣ ስራው እየተጀመረ ነበር። ስልጠና ሰጡኝ፣ ካርድ ሰጡኝ፣ ኦሻ የሚባለውን የሴፍቲ ኮርስም አስወሰዱኝ፣ በቃ ቦት ጫማና ሄልሜት ገዝቼ ገባሁ።

ባቡር ልሰራ ነው ብዬ ለቤተሰብ ሁሉ ተናግሬ የመጀመሪያ ስራዬ ሀዲዱ አጠገብ እንኳን አልደረሰም። መጀመሪያ መሬት ውስጥ ያለው ውሃ፣ ጋዝ፣ ኬብል በሙሉ ከቦታው ይነሳል። እኔ ቱቦ የሚቀይሩበት ጠባብ መንገድ ላይ አንዱ ጫፍ ላይ እቆማለሁ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ አንድ የኤልሳልቫዶር ሰውዬ አለ፣ መሀል ላይ መታጠፊያ ስላለ አንተያይም። ስለዚ በሬድዮ ነው፣ የመጨረሻዋን መኪና ትነግሪዋለሽ፣ “ቀዩ ፒካፕ መጨረሻ ነው” ትይዋለሽ፣ ቀዩ ፒካፕ እሱ ጋ እስኪደርስ አንድም መኪና አይለቅም። አንዴ ቀይ ፒካፑ መሀል ላይ ወደ ሰው ግቢ ታጥፎ ቀረና ሰውዬው እስከ ዛሬ ሊጠብቀው ነበር፣ ከሁለቱም ወገን ያለው ክላክስ ጆሮዬ ላይ አለ። ክረምቱን አላወራችሁም፣ ጓንት ላይ ጓንት ደርበሽም ጣትሽ የሌላ ሰው ነው።

ክፍያው ግን የፓርኪንጉን በጣም ያስንቅ ነበር። ዴቪስ ቤከን የሚባል የ1931 ህግ አለ፣ የፌደራል ገንዘብ ያለበት ግንባታ ላይ ኮንትራክተሩ በአካባቢው ለዛ ሙያ ከሚከፈለው በታች መክፈል አይችልም። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮም ቢሆን ሰዓቴ እንደማንም ሰው ነበር የሚታሰበው። ለአዲስ መጤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እስካሁን ብዙ አበሻ አያውቀውም።

ያየሁትን ልናገር ካልኩ ግን ይሄም አለ፣ ብሩን ያህል ሰው አልነበረም። ታይሰንስ ላይ ባቡሩ በአየር ላይ ነው የሚሄደው፣ የድልድዩን ኮንክሪት ቁራጭ እያነሳ የሚገጣጥም ግዙፍ ማሽን መጥቶ ቆመ፣ ከላይ የማያቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ እኛ አገር ቢሆን ስንት መቶ ሰው የሚፈልግ ስራ። ብሩ ወደ ብረት፣ ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ማሽን፣ ወደ ዲዛይነር ነው በብዛት የሚሄደው። ይህን ያህል ቢሊዮን ይህን ያህል ስራ ይፈጥራል የሚል ፖለቲከኛ ስሰማ ያ ማሽን ነው ትዝ የሚለኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ጁላይ 2014 ተከፈተ፣ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ። ፌደራል መንግስቱ 900 ሚሊዮን ሰጠ፣ ስቴቱም ካውንቲውም አዋጡ፣ ትልቁ ድርሻ ግን ቦንድ ተሽጦ የመጣ ብድር ነው፣ ለብድሩ የተያዘው ደግሞ የደለስ ቶል መንገድ ገቢ ነው። ኤርፖርት ለሚሄድ በመሀል ያለው መንገድ ነፃ ነው፣ ኡበር የሚነዱ ልጆች ያውቁታል፣ ጎን ለጎን ያለው ግን ይከፈልበታል። ከ2010 በፊት ዋናው ጌት 75 ሳንቲም ነበር፣ ከ2023 ጀምሮ 4 ዶላር ነው፣ መውጫው ላይ ሌላ 2 ዶላር። እኔ ዛሬ ስራዬ ሄርንደን ነው፣ ደርሶ መልስ 12 ዶላር ኢዚፓስ (የቶል መክፈያው) ላይ ይቆረጣል። ያኔ የተከፈለኝን ደሞዝ አሁን በየቀኑ እየመለስኩ ነው ብዬ ከጓደኞቼ ጋር እስቃለሁ። በባቡሩ አትሄጂም ወይ እንዳትሉኝ፣ ስራዬ በመኪና ከሳይት ሳይት መዞር ነው። ኖቬምበር 2022 ባቡሩ ኤርፖርት ሲደርስ ደግሞ ታክሲ የሚነዱት ወንድሞቻችን እኔን ነበር የሚወቅሱት፣ “አንቺ ነሽ ያሳለፍሽው!” እያሉ።

ቶሉ ያናድደኛል፣ ብድሩን ግን አልቃወምም። ምክንያቴን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።

እሱ ከአያት ጦር ኃይሎች በሚሄደው መስመር ላይ ቀያሽ ረዳት ነበር። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የፈጀው፣ 85 ፐርሰንቱ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፣ ሴፕቴምበር 2015 ተከፈተ። ያኔ ስልክ ስንደዋወል ወሬያችን ሁሉ ኮንክሪት ነበር፣ እናታችን “ሁለታችሁንም ሀዲድ ወሰደብኝ” ትል ነበር። ከተከፈተ በኋላ ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፣ ለድሃ ጥሩ ነው፣ እኔም ስሄድ ተሳፍሬበታለሁ። ግን አስቡት፣ ተሳፋሪው የሚከፍለው ብር ነው፣ ባንኩ የሚፈልገው ዶላር ነው፣ መለዋወጫውም በዶላር ነው። መስመሩ ሲከፈት ዶላር 21 ብር አካባቢ ነበር፣ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ 21 ሚሊዮን ብር ይበቃል። ጁላይ 2024 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በወራት ውስጥ 120 አለፈ፣ ያው 1 ሚሊዮን ዶላር ከ120 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ባቡሩ ሞልቶ ቢውል እንኳን ይሄን አይሸፍንም።

ሌላውም እንደዛው ነው። 2014 ዲሴምበር ላይ ኢትዮጵያ 1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (ለውጭ ገዢ የሚሸጥ የብድር ወረቀት) በ6.625 ፐርሰንት ወለድ ሸጠች፣ ያኔ እዚ ያለነው ሁሉ ኮርተን ነበር፣ 2023 ዲሴምበር ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቃታት። 33 ሚሊዮን እዚ አንድ ሁለት የመንገድ ማሳለጫ ነው። የኔ ቶል በዶላር ይገባል ቦንዱም በዶላር ይከፈላል፣ ቢያሳምም ሂሳቡ ይገጥማል፣ የወንድሜ ባቡር ግን በብር እየሰበሰበ በዶላር ነው የተበደረው። ሰው የሚጨቃጨቀው መበደር ጥሩ ነው መጥፎ ነው እያለ ነው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚገባው ገንዘብና የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ዓይነት ነው ወይ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የኛው የሁለታችን ነው። እኔ ከፍላገርነት የወጣሁት በካርዶቹ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ካርዴን አይተው የትራፊክ ኮንትሮል ቡድኑ ላይ አለቃ አደረጉኝ፣ አሁን ፕላኑን የምሰራው እኔ ነኝ። እሱ ግን ድርጅቱ ስራውን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ወረቀት አልሰጠውም፣ መሳሪያውን እንደ ኢንጂነር ነበር የሚያነበው፣ ማስረጃ የለውም ተብሎ አሁን ራይድ ይነዳል።

ባለፈው ደወለልኝ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ አየር መንገዱ የሚያሰራው አዲስ ኤርፖርት ላይ ስራ ልሞክር ብሎ። በ2025 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተባለለት ነው፣ ብድሩን የሚያሰባስበው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። “ይሄም ብድር ነው እኮ እህቴ፣ እንደኛው ባቡር እንዳይሆን” አለኝ። አየር መንገዱ እኮ ቲኬቱን ለዓለም የሚሸጠው በዶላር ነው፣ ይሄኛው ሂሳብ ሌላ ነው አልኩት። ከዛ ግን አንድ ነገር አስምዬዋለሁ፣ የትኛውም ኮንትራክተር ቢቀጥረው ገና ሲገባ ስልጠናና የስራ ልምድ በፅሁፍ ትሰጡኛላችሁ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ፣ ካልሰጡት በየወሩ የደሞዝ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ለኔ እንዲልክልኝ።