ኮንትራት ጀልባ ስይዝ ያልጠየቅሁት ነገር

ባለፈው ጥር አክስቴ ከነልጇ ከሲያትል መጣች። ቤተሰቡን ጣና ላይ ማዞር የኔ ሥራ ሆነ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ምን ይጠፋኛል ብዬ ኮንትራት ጀልባ ያዝኩ። 12 ሰው ነን። ዋጋ ተከራከርኩ፤ ነዳጁ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ላይፍ ጃኬቱን ሳይቀር ቆጠርኩ። «ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ ከዚያ መልስ» ተባብለን ቀብድ ሰጠሁ። ማን የት ይወርዳል የሚለው ትዝም አላለኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ክብራን ገብርኤል ልንደርስ ስንል ነጂው «እናቶች እዚህ አይወርዱም» አለ። ማወቁንስ አውቃለሁ። ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት እንደማይገባባቸው ማን ያጣዋል? አክስቴ ግን ለገብርኤል የተሳለችውን ጃንጥላ ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷን ሳይ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ አልኩ፤ መሬትም የለም እንጂ።

ያወጣኝ ነጂው ነው። እንጦስ ኢየሱስ እዚያው ጎረቤት ነው፤ ሴትም ይገባበታል። ሴቶቹን እዚያ አወረዳቸው። ወንዶቹን ክብራን አደረሰን፤ ጃንጥላውን እኔ ተሸክሜ ገባሁ። ለምልልሱ ጭማሪ ጠየቀ። ምን አፍ አለኝ፣ ከፈልኩ።

ዘጌ ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስንወጣ አጎቴ «እኔ አፋፍ ከተማ ዘመድ አለኝ፤ በመኪና እመለሳለሁ» አለ። ነጂው አሻፈረኝ አለ።

«ጋሼ፣ 12 አስመዝግቤ ወጥቼ 11 ይዤ ስመለስ አንዱን የት አደረስከው ብባል ምን እላለሁ?»

አጎቴ ተቆጣ። የአክስቴ ልጅ ሳቀ። እነሱም ዘንድ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ነገረን። ከሲያትል ወደ አላስካ ደርሰው የሚመለሱት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች አብዛኞቹ የውጭ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ያሳፈረውን ሰው ወስዶ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳያስቀር ይከለክላል። ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ ሲያትል ለመመለስ እንኳ መሐል ላይ የውጭ ወደብ መንካት አለበት። ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ጎራ የሚሉት ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ ለምሽት ጥቂት ሰዓት ብቻ። መርከቡን ሙሉውን ብትከራየውም ሕጉ ያው ነው። ሻንጣዬን ይዤ አላስካ ውስጥ ጁኖ ላይ ልቅር ያለ መንገደኛ መርከቡን ያስቀጣል፤ ቅጣቱም ዞሮ እሱኑ ሊያገኘው ይችላል።

እርግጥ የዚያኛው ሕግ የአገር ውስጥ መርከቦችን ገበያ ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ የክብራኑ የገዳም ሥርዓት ነው፤ የኛ ነጂ ደግሞ የሰው ነፍስ ቆጥሮ ነው የተረከበው። እኔ ግን የራሴን ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ቀብድ ሳልሰጥ ልጨርሰው እችል ነበር። አሁን ዋጋ ሳልጠራ መጀመሪያ ማን የት እንደሚሳፈር፣ ማን የት እንደሚወርድ፣ ማን እንደማይመለስ እናገራለሁ። ከተቻለ በወረቀት።

በመጨረሻ ነጂው ወደ መዝጋቢው ደወለ፤ አጎቴ ራሱ በስልክ ስሙን ተናግሮ ቀረ። እኛ የከሰዓቱ ነፋስ ሲያንገላታን፣ ውሃው ልብሳችንን ሲያርሰው አመሸን። ቤት ስንደርስ አጎቴ ቀድሞን ገብቷል፤ የዘጌ ቡና እያስቆላ ነው።