እግርሽ ነው ወይስ ልብሽ?

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ያወቅሁት ሃሎፐሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጎረቤታችን አርፈው ሰልስት ላይ ነበርን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተደርድረዋል። እኔ አንዱን እግሬን በሌላው ላይ አነባብራለሁ፣ አወርዳለሁ፣ የእግሬን ጣቶች ጫማዬ ውስጥ አጥፌ እዘረጋለሁ። መቻል ሲያቅተኝ ወጥቼ ከድንኳኑ እስከ ግቢው በር ተመላለስኩ። ስመላለስ ቀለል ይለኛል፤ ተመልሼ ስቀመጥ ጭኔ ውስጥ ጉንዳን የሰፈረ ይመስለኛል። እንደገና ስነሣ አንዲት ሴት ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለቻት። ባልሰማውም ምን እንዳለቻት አላጣሁትም፤ "ተነሣባት" ነው።

ማታ ወንድሜም ያንኑ ደገመው። ሕመሟ አገርሽቷል፣ መጠኑ ይጨመርላት ብሎ ወደ ሐኪሜ ሊደውል ስልኩን አነሣ። ያን ቀን መጠኑ ተጨምሮልኝ ቢሆን ኖሮ መቁነጥነጡም አብሮ ይጨምር ነበር። መቁነጥነጡ ሲጨምር ቤተሰቤ ይበልጥ ይደነግጣል፣ መጠኑ እንደገና ይጨመራል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የገቡ ሰዎችን በኋላ በተመላላሽ ክፍሉ አግዳሚ ላይ አግኝቻቸዋለሁ።

በማግስቱ ሐኪሜ የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ "ዕረፍት የነሣሽ እግርሽ ነው ወይስ ልብሽ?"

ስታመም ዕረፍት የነሣኝ ልቤ ነበር። ሬዲዮኑ ስለ እኔ ያወራል፣ የሥራ ባልደረቦቼ በምልክት ይነጋገራሉ፣ እናቴ በምታቀርብልኝ ወጥ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። አሁን ግን የምጠረጥረው ሰው አልነበረም። ለቅሶ ላይ ሆኜ ሟቹን አስቤ ከልቤ አዝኛለሁ፤ እግሬ ብቻ ነው አልቀመጥም ያለው። ይህን ስነግራቸው ሐኪሜ "አካቲዚያ ነው፤ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው" አሉኝ። እፎይ ብዬ ማልቀሴን አስታውሳለሁ።

ነገሩን የገለጹልኝ እንዲህ ነው። አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ዶፓሚን መልእክቱን የሚያደርስባቸውን ተቀባዮች ይይዛሉ፤ ድምፁና ጥርጣሬው የሚበርደውም በዚህ ነው። ያው ዶፓሚን ግን የሰውነትን እንቅስቃሴም ይመራል። ከተቀባዮቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሲያዙ ሕመሙ መለዘብ ይጀምራል፤ 80 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን መገተሩ፣ መንቀጥቀጡና መቁነጥነጡ ይበዛል። ስለዚህ መጠን መጨመር ሁልጊዜ ጤና መጨመር አይደለም። ይህን አንድ ነገር ቤተሰብ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

መጠኑ ተቀነሰልኝ፤ ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ለልብ ምትና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ተጨመረልኝ። እግሬ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። የእጄ መንቀጥቀጥ ግን ወዲያው አልለቀቀኝም። ቡና ስቀዳ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንቀጫቀጩ ነበር፤ እናቴ ምንም ሳትናገር ጀበናውን ከእጄ መቀበል ጀመረች። ለዚህኛው ትራይሄክሲፌኒዲል ታዘዘልኝ። ብዙ ሰው አርቴን በሚለው ስም ነው የሚያውቀው። ለመገተርና ለመንቀጥቀጥ ደህና ነው፤ ለእግር መቁነጥነጥ ግን እምብዛም አይረዳም። እሱም የራሱ ዕዳ አለበት፤ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አረጋውያንን ደግሞ ግራ እስከማጋባት ይደርሳል። ለጎንዮሽ ጉዳት የሚሰጥ መድኃኒት የራሱ የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ስሰማ ሳቄ መጣ።

ቀጠሮ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የሚነገረው ግማሹ ጥሩ ምክር፣ ግማሹ ደግሞ አደገኛ ነው። አንድ ሰውዬ የሚወስዱት ክሎርፕሮማዚን 100 ሚሊ ግራም መሆኑን ነግረውኝ የእኔን 5 ሲሰሙ "አንቺማ ቀላል ነው ያመመሽ" አሉኝ። ቁጥሩ የሕመም መለኪያ ሆኖባቸው ነው። 2 ሚሊ ግራም ሃሎፐሪዶል በጉልበቱ ከ100 ሚሊ ግራም ክሎርፕሮማዚን ጋር ይቀራረባል፤ የእኔ 5 ከእሳቸው 100 ይበልጣል ማለት ነው። አልነገርኳቸውም። የእሳቸው መድኃኒት የሁሉም አንጋፋ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርቶ በ1952 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኘው ሴንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌ እና ፒየር ደኒከር ለአእምሮ ሕመምተኞች መስጠት ጀመሩ። ሃሎፐሪዶል በ1958 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ተገኘ። የእናቴ እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

እዚያው አግዳሚ ላይ ያየሁትን አንድ ወጣት አልረሳውም። መድኃኒት ከጀመረ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር። አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣምሞ ቀርቷል፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ መንጋጋው ተቆልፏል። አባቱ ደጋግመው ያማትባሉ። አጎቱ "ይኸ የሐኪም ነገር አይደለም፣ ወደ ጸበል እንውሰደው" እያሉ ይከራከራሉ። ላየው ሰው በእውነት ያስደነግጣል፤ አልፈርድባቸውም። ሲስተር መጥታ አየችውና አንድ መርፌ ወጋችው። አባትየው ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ አንገቱ መላላት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ልጁ ሻይ ጠየቀ። ይህ ዓይነቱ የጡንቻ መኮማተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ፣ በወጣት ወንዶች ላይ የሚበዛ ነው። የመጀመሪያውን ኪኒን ሲያስረክቡ አንድ ሰው ይህን ቢነግራቸው ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ በድንጋጤ ባልመጡ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ወደ ሪስፔሪዶን ተዛወርኩ። እጄም እግሬም ሰላም አገኙ። የወር አበባዬ መቅረቱን ግን እናቴ ከእኔ ቀድማ አወቀች። ለሳምንታት አፏ ላይ እየመጣ ስትመልሰው እንደነበር ያስታውቅባታል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ልጄ፣ ማን ነው?" አለችኝ።

"ማን፣ ማን?"

"ይኸውልሽ፣ እኔ አልቆጣም። ብቻ ስሙን ንገሪኝ።"

ማንም አልነበረም። ጡቴም ርጥበት ማሳየት ስለጀመረ የእኔው ራሴ እርግጠኝነት እንኳን መናወጥ ጀምሮ ነበር። የእርግዝና ምርመራ ተደረገልኝ፤ የለም። ቀጥሎ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ተለካ፤ ከልክ በላይ ነው። ይኸም የዶፓሚን ጣጣ ነው። ዶፓሚን ፕሮላክቲንን ገትቶ ይይዘዋል፤ መድኃኒቱ ዶፓሚንን ሲዘጋ ያ ሆርሞን ይለቀቅና ሰውነት የምታጠባ እናት ሰውነት ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ዝም ከተባለ አጥንትንም ያሳሳል። ለእናቴ ሐኪሜ ራሳቸው ሲያስረዷት አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ የመድኃኒቴ ጠበቃ ሆናለች።

ወንዶቹ ዘንድ ነገሩ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አያወሩትም። ይኸው ሆርሞን የወንዱን ፍላጎት ያጠፋል፣ አንዳንዱንም ጡት ያበቅልበታል። ባለትዳሩ ሰው ለሐኪሙ ከመናገር ይልቅ ኪኒኑን ጣራ ሥር መወርወር ይቀለዋል። ሚስት ሌላ ነገር ትጠረጥራለች፤ ቤት ይታመሳል። መድኃኒት በድንገት የሚያቆም ሰው ሁሉ "ዳንኩ" ብሎ የሚያቆም አይመስለኝም፤ ግማሹ አፍሮ ነው የሚያቆመው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመጀመሪያ ሕመማቸው አገግመው መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። ሕመሙ የሚመለሰው ደግሞ ወዲያው ስላልሆነ ማታለሉ ይበዛል። ኪኒኑን የጣለው ሰው ለሳምንታት ምናልባትም ለወራት ደህና ሆኖ ይታያል፤ ንቁ ይሆናል፤ ዘመድም "ተመስገን፣ ከዚያ መርዝ ተላቀቀ" ይላል።

አሁን የምወስደው ኦላንዛፒን ነው። ወር አበባዬ ተመልሷል፤ በምትኩ ረኀብ መጣ። ሌሊት ተነሥቼ የምበላው የተረፈ እንጀራ ጉድ ነው። እኛ አገር ደግሞ ውፍረት ምስጋና ነው፤ "ተመችቶሻል!"፣ "አሁን ገና ሰው መሰልሽ!" ይሉኛል። ሐኪሜ ግን አልተደሰቱም። ከመጀመሬ በፊት ክብደቴ፣ የወገቤ ዙሪያ፣ በባዶ ሆድ የሚወሰደው የደም ስኳርና የደም ቅባት ተለክተዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ተደግመዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ ስኳር በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ይህ ልኬት የቅንጦት አይደለም። ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ። እኔ ለስላሳ መጠጥ ትቻለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ እሄዳለሁ፤ ረኀቡን ግን አሸነፍኩት ብዬ አልዋሽም።

ሲጋራ ለሚያጨሱ ሰዎች አንድ የማይጠረጠር ጣጣ አለ። የጭሱ ውህዶች ጉበት ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል፤ ስለዚህ አጫሹ ከፍ ያለ መጠን ይታዘዝለታል። ያ ሰው በድንገት ማጨስ ካቆመ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማችና ሙሉ ቀን ያንቀላፋል። ማጨስ ማቆም መልካም ነው፤ ለሐኪም ሳይነግሩ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ጫትማ ግልጽ ነው። ጫት ዶፓሚንን ይለቃል፣ መድኃኒቱ ዶፓሚንን ይዘጋል። ከሰዓት እየቃሙ ማታ ኪኒን መዋጥ ያንኑ በር ከሁለት ወገን መግፋት ነው።

በጾም ወራት "ሳልቀምስ እንዴት እውጣለሁ?" የሚል ሰው አይጠፋም። የእኔ የሚወሰደው ማታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት ጾም ጋር አይጋጭም፤ ምግብ አብሮ ይኑር አይኑርም አይጠይቅም። ረመዳን የምትጾም የሥራ ባልደረባዬም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ወደ ማታ አዛውራዋለች። ጸበልም እሄዳለሁ። የንስሐ አባቴ ኪኒኔን ጣይው ብለውኝ አያውቁም። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ስታሳውቅ የብዙ ሰው ሕይወት መትረፉን እያነሡ ያስተምሩናል፤ ለአእምሮ መድኃኒትም ያ ቃል ጮክ ተብሎ እንዲነገር እመኛለሁ። ታማሚን በሰንሰለት አስረው መድኃኒት የሚያስጥሉ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉና።

ጥቃቅኑን ነገር ከተለማመድኩት ቆይቷል። ከአልጋ በቀስታ እነሣለሁ፤ ደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሊጥል ይችላል። አንድ ማታ ከረሳሁ በነጋታው ሁለት አልውጥም። ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት ሲሰጠኝ ቀለሙን ሳይሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊ ግራሙን አያለሁ። አንድ ነገር ግን ጥቃቅን አይደለም። ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብ እና ግራ መጋባት አንድ ላይ ከመጡ ወባ ነው፣ ምች ነው እያሉ ማደር አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ይገድላል። ቀጣዩን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዞ።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሐኪሜ ምላሴን እንዳወጣ፣ ጣቶቼን እንድዘረጋ ያደርጉኛል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ፣ አፍና ምላስን ያለ ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ ችግር ስላለ ነው፤ ዘግይቶ ከታየ ላይመለስ ይችላል። እስከ አሁን ደህና ነኝ። ባለፈው "መጠኑን መቀነስ እንችላለን?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ይቻላል፤ ግን በወራት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የሚያይሽ ሰው አጠገብሽ ኖሮ አሉኝ።

የሚያየኝ ሰው ወንድሜ ነው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን ሕመሜ ሲጀምር ምን እንደምመስል በወረቀት ጻፍን። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛሁ፣ ሬዲዮ ሲከፈት ክፍሉን ትቼ ከወጣሁ፣ ምግብ ለብቻዬ ማብሰል ከጀመርኩ እሱ ይደውላል፤ እኔ አልከራከርም። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ መሳቄን፣ መናደዴን፣ አምሽቼ መግባቴን፣ የሕመም ምልክት አያደርገውም። በዚህኛው ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል፤ "አምሽቶ መግባት" እንዲሰረዝ ያደረግሁት በግድ ነው። ሁለታችንም ፈርመናል፤ አንዱ ቅጂ ካርዴ ውስጥ ገብቷል።